ቁጥሩና መነሻው

(ስለ ነጥብ ፍለጋና ስለ ሩቅ የእግር ጉዞ፣ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በቡሹሎ፣ ሐዋሳ፣ የተደረገ ንግግር)




ስለ ድልድይ ወይም ስለ መንገድ እንድናገር ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ ብዙዎች እዚህ ተቀምጠው ስለማይ ዝምታን በመረጥሁ ነበር። የተሰጠኝ ርእስ ግን የዕረፍት ቀኔን የማሳልፍበትን ልማድ የሚመለከት ነው። ይኸውም በቁጥር ብቻ የታወቀ አንድ ነጥብ ይዞ፣ ያንኑ ነጥብ በምድር ላይ እስኪያገኙ ድረስ በእግር መሄድ ነው። ልማዱ ለጤናም ለአእምሮም የሚበጅ ነው። እኔ ግን ከልኩ አሳልፌ ስለ ወሰድሁት ዋጋ አስከፍሏል፤ ዋጋውንም የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ንግግሬ ምክር ብቻ ሳይሆን ኑዛዜም ጭምር መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ቡሹሎ ነው። የምኖረው ከሐይቁ ዳር ብዙ ሳይርቅ ስለ ሆነ ከሥራ መልስ በእግሬ መንሸራሸር እወዳለሁ። ሰባተኛው የሰሜን ኬክሮስ መስመር ከዚህ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ እንደሚያልፍ ከካርታ አውቅ ነበር። አንድ እሑድ በእጅ ስልኬ ላይ ያለውን ጂ.ፒ.ኤስ. እያየሁ መስመሩን ለመርገጥ ወጣሁ። ቁጥሩ ልክ 7 ዲግሪ የሞላበት ቦታ ከአንድ ገበሬ የእንሰት ጓሮ አጠገብ ሆነ። ወዲያና ወዲህ ስመላለስ ባለቤቱ ወጥተው፣ «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ምንም አልጠፋኝም አባቴ፤ መስመር እየፈለግሁ ነው» አልኋቸው። «ያልጠፋ ነገር እንዴት ይፈለጋል?» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ኖሮአል።

ይህ ልማድ በሌላው ዓለም «ጂኦካሺንግ» በሚል ስም ይታወቃል። አጀማመሩም ከሙያችን የራቀ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ከሳተላይቶቹ ለሲቪል አገልግሎት የሚላከውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበረ የተራ ሰው መሣሪያ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሳሳት ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000፣ ማለትም ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ማዛባቱ እንዲቀር ተደረገ፤ ስሕተቱም በአንድ ሌሊት ወደ 10 እና 20 ሜትር ወረደ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ አካባቢ፣ አንድ ጥቁር ባልዲ በጫካ ውስጥ አኖረና ኮኦርዲኔቱን ለሌሎች አስታወቀ። በባልዲው ውስጥ አንዳንድ ዕቃዎችና የመመዝገቢያ ደብተር ነበሩ። ደንቡም ያገኘ ሰው አንድ ነገር ወስዶ ሌላ ይተካ፣ ስሙንም ይጻፍ የሚል ነበር። ባልዲው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ እንዲህ የተደበቁት ሣጥኖች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው።

ሣጥን የሚደብቁት ሰዎች ሁለት መለኪያዎችን አወጡ። አንደኛው አደባበቁ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው መሬቱ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያመለክታል፤ ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ይደርሳሉ። በመሬት መለኪያ 5 ማለት ገመድ፣ ጀልባ ወይም የመጥለቂያ ልብስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሰው ደግሞ ደረጃ ከተበጀለት ከመጨረሻው ደረጃ ሳይደርስ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሪቻርድ ጋሪዮት የተባለ መንገደኛ አንዱን ሣጥን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ እስከ ማኖር ደርሶአል። ለአንዲት የደብተር ፊርማ በረሓ የሚያቋርጡ፣ በገደል ላይ በገመድ የሚንጠለጠሉ ብዙዎች ናቸው። ይህን ስሰማ እንደ እብደት ቈጥሬው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ እኔው ራሴ ከዚያው ገባሁበት። መጀመሪያ ታቦርን፣ ቀጥሎም አላሙራን ወጣሁ። ከዚያ የሐዋሳን ሐይቅ በሁለት ቀን በእግሬ ዞርሁት። በመጨረሻ ቅርብ ያለ ነገር ሁሉ ናቀኝ፤ እኔም ናቅሁት።

በአገራችን የተደበቁ ሣጥኖች ጥቂት ናቸው። እኛ ግን ከነርሱ የቀደመና ቁም ነገር ያለው የሚፈለግ ነገር አለን፤ እርሱም በየተራራው ራስ ላይ የቆመው የቅየሳ ነጥብ ነው።

በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ታላቅ ተጓዥ አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ነው ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ደርሶ ዐሥር ዓመት ያህል በአገራችን ሲዘዋወር፣ ቴዎዶላይቱን ይዞ ከኮረብታ ኮረብታ እየወጣ የሩቅ ተራራዎችን አቅጣጫ ይለካ ነበር። በስተ ደቡብ እስከ ከፋ ዘልቆአል። ልኬቱን ሁሉ ያሰፈረበት የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተሰኘው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ ታትሞአል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አሳትሞአል። ሁለቱን ሥራዎች አንድ ሰው መሥራቱ ለኔ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የተራራውን ማዕዘን መሣሪያ ይነግራል፤ ስሙንና መውጫውን የሚነግረው ግን ነዋሪው ነው፤ ከነዋሪው ጋር ለመነጋገርም ቋንቋ ያስፈልጋል።

ከአንድ ምዕት ዓመት በኋላ ሥራው በሰፊው ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይን ተፋሰስ ለማጥናት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው ትብብር፣ በ1960ዎቹም በካርታ ሥራ ተልእኮው ጊዜ፣ ቀያሾች በሄሊኮፕተርና በበቅሎ፣ በብዙው ስፍራ ግን በእግራቸው፣ ከፍተኛ ተራራዎችን እየወጡ የነሐስ ምልክቶችን በዓለትና በኮንክሪት ላይ ተከሉ። የእነዚህ ሁሉ ልኬቶች መነሻ አዲንዳን በሚባል ስፍራ ያለ ነጥብ ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ የነበረች የኑቢያ መንደር ናት፤ የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ ሕዝቧ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሮ መንደሪቱ በሐይቁ ተውጣለች። ወደ መነሻችን ሄደን ልንረግጠው አንችልም ማለት ነው። ስሙ ግን እስከ ዛሬ በካርታዎቻችን ግርጌ ይነበባል። ይህን ግርጌ አለማንበብ ምን እንደሚያስከትል አሁን እነግራችኋለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ የቆየ የነጥቦች ዝርዝር ላይ በሲዳማ ደጋ፣ በአርቤጎና በኩል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ላይ ያለ አንድ ነጥብ አገኘሁ። ቁጥሮቹን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገለበጥሁ፤ ቁጥሮቹን ብቻ። ጉዞው ከደጃፌ ተነሥቶ በእግር ብቻ መፈጸም አለበት ብዬም ወሰንሁ። ቡሹሎ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ወደ ላይ የምንወጣው ብቻ ከ1,300 ሜትር በላይ ነበር። ወሩም ሐምሌ ነበር። በጋ እስኪገባ እንድንቆይ ባልደረባዬ ቢለምነኝ፣ «በጋ ማንም ይሄዳል» ብዬ መለስሁለት። እርሱም ወዳጅነታችንን አክብሮ ተከተለኝ። ሦስተኛችን ቋንቋውን የሚያውቅና የአርቤጎና ተወላጅ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

በቱላና በለኩ አድርገን፣ በጎርቼ በኩል ወደ ላይ ወጣን። የመጀመሪያው ቀን ቡናና እንሰት ባለበት አገር ስላለፈ ደስ የሚል ነበር። በሁለተኛው ቀን ዝናቡ አልለየንም። በሦስተኛው ቀን ከቀርከሃው ጫካ ወጥተን፣ ከተራራው ሥር ካለው የመጨረሻ ቤት ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። የቤቱ ባለቤት አዛውንት ተቀበሉን፤ የምንፈልገውንም ተማሪው ነገራቸው። እርሳቸውም ብዙ ሳያስቡ፣ «ብረቱ ከላይ ነው፤ ከድንጋዩ ካብ ሥር» አሉ። ጉሙ እየወረደ ስለ ሆነ አድረን በማለዳ እንድንወጣም መከሩን።

ተራራው ጫፍ ስንደርስ ካቡን በዐይናችን አየነው። መሣሪያዬ ግን ነጥቡ ከካቡ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በቁልቁለቱ ላይ፣ 225 ሜትር ያህል ርቆ እንደሚገኝ ያመለክት ነበር። ባልደረባዬ፣ «ሽማግሌው ያሉት እዚህ ነው፤ መጀመሪያ ካቡን እንይ» አለ። እኔ ደግሞ መሣሪያው ከ5 ሜትር በላይ እንደማይሳሳት፣ ካብ ግን ማንም እረኛ እንደሚክበው አስረድቼ ወደ ቁልቁለቱ ቀደምሁ። በእውነቱ ካቡ በጣም ቀርቦ ስለ ተገኘ አልመጠነኝም ነበር፤ ሦስት ቀን የተጓዝሁለት ነገር ከባድ ሆኖ እንዲገኝ እፈልግ ነበር። ሣሩ ርሶ ያንሸራትታል። 60 ሜትር ያህል ሲቀረን የባልደረባዬ እግር ከዳውና ከአንድ እርከን ላይ ወደ ታች ወደቀ። ስንደርስለት ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ነበር።

ሰዓቱ ዐሥር ተኩል ነው። ተማሪው ወደ መንደሩ ሮጠ። እኔና ባልደረባዬ በጉምና በዝናብ ውስጥ ተቃቅፈን ጠበቅን። በዚያ ከፍታ ሙቀቱ ከሐዋሳው በ8 ወይም በ9 ዲግሪ እንደሚያንስ በቁጥር አውቅ ነበር፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ያወቅሁት ግን የጓደኛዬ ጥርስ ሲንገጫገጭ ስሰማ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስምንት ሰዎች ችቦና የቀርከሃ ቃሬዛ ይዘው መጡ። ከፊት የሚመሩት እኒያው አዛውንት ነበሩ። እስከ ቤታቸው ድረስ በአራት በአራት እየተፈራረቁ ተሸከሙት። «ነግሬአችሁ ነበር» የሚል ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም። በማግሥቱ በመኪና ወደ ሕክምና ተወሰደ። አጥንቱ ተሰብሮ ስለ ነበር ሦስት ወር ከመስክ ሥራ ተለየ። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ ባለቤቱ አንድም ቃል ሳትናገር ቡና አቀረበችልኝ፤ ከዚያ የከበደ ወቀሳ እስከ ዛሬ አልደረሰብኝም።

ወደ ቤቴ ስመለስ የቆየውን ዝርዝር እንደ ገና ከፈትሁት። ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «አዲንዳን፣ ክላርክ 1880» ተብሎ ተጽፎአል። በእጄ የያዝሁት መሣሪያ ግን የሚሠራው በዓለም አቀፉ ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 ነው። ሁለቱ የተለያየ ኤሊፕሶይድና የተለያየ መነሻ ስላላቸው፣ በአገራችን በዩ.ቲ.ኤም. መረብ አንድ ቦታ በሁለቱ የሚያገኘው ቁጥር ወደ ሰሜን ከ200 ሜትር በላይ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 90 ሜትር ያህል ይለያያል። የአዲንዳንን ቁጥር ሳይለውጥ በአዲሱ መሣሪያ ያስገባ ሰው ከእውነተኛው ነጥብ በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ ይወድቃል። ሒሳቡን ሠራሁት፤ 225 ሜትር ያህል መጣ። ነጥቡ የነበረው እንደ ተባለው ከካቡ ሥር ነው። ያ እሑድ በጓሮ የረገጥሁት ሰባተኛው ኬክሮስ እንኳ በቀድሞው መነሻ ቢሰላ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። መሣሪያው አልዋሸም፤ የጠየቅሁትን መለሰልኝ። ስሕተቱ የኔ ነበር፤ ይህንንም ትምህርት በሁለተኛው ዓመት ተምሬ፣ ተፈትኜ ያለፍሁበት ነው።

በጥር ወር እንደ ገና ሄድሁ። በዚህ ጊዜ በአውቶቡስ ተጓዝሁ፤ ለቀበሌው አስቀድሜ አስታወቅሁ፤ አድሬም በማለዳ ከአዛውንቱ ጋር ወጣሁ። መሣሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ካቡ ዘንድ ስንደርስ እርሳቸው ጎንበስ ብለው ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አነሡ። የነሐሱ ምልክት ከሥር ታየ፤ ዙሪያው ቢሻግትም ፊደሉ ይነበባል። በልጅነታቸው ሰዎች በሄሊኮፕተር መጥተው በዚህ ተራራ ላይ ጥቂት ቀናት እንደ ሰፈሩ፣ እርሳቸውም ውሃ ይቀዱላቸው እንደ ነበር፣ ሲሄዱም «ይህን ማንም እንዳይነካው» ብለው እንዳስጠነቀቁ አጫወቱኝ። ከብት ጠባቂ ልጆች እንዳይነቅሉት በድንጋይ የሸፈኑት እርሳቸው ናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ካቡ ሲናድ መልሰው ይክቡታል። ይህንም ሲያደርጉ ያዘዛቸው መሥሪያ ቤት፣ የከፈላቸው ሰው የለም። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እንመለሳለን ብለውን ነበር፤ ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ከዚህ በኋላ ሩቅ መሄድን አልተውሁም፤ እንድትተዉትም አልመክርም። ሩቅና አስቸጋሪ ጉዞ በጠረጴዛ ላይ የማይገኝ ዕውቀት ይሰጣል። ነገር ግን የሚከተሉትን ልማድ አድርጌአለሁ።

አንደኛ፣ ማናቸውንም ቁጥር ከመነሻው ጋር ካልሆነ አልገለብጥም። ዴተሙ፣ ኤሊፕሶይዱና የመረቡ ዞን ካልተጻፈ ቁጥሩ ለኔ ቁጥር አይደለም። ይህ ለተራራ ብቻ ሳይሆን ለመንገድ ሥራና ለይዞታ ወሰን ጭምር ነው። በገደል ላይ 225 ሜትር አጥንት ይሰብራል፤ በከተማ ውስጥ የሰውን ቤት በሌላው ቦታ ላይ ያሳርፋል።

ሁለተኛ፣ የመመለሻ ሰዓቴን ከቤቴ ሳልወጣ እወስናለሁ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት ለዚህ ይረዳል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በተጨማሪም ለ600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ይያዛል። እንግዲህ 20 ኪሎ ሜትር ርቀትና 900 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ያለ ዕረፍት አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው። ጭቃ፣ ጭነትና ከፍታ ሲጨመሩበት ይበልጣል። በኛ ኬክሮስ የክረምትና የበጋ ቀን ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚመሸው በዐሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ስምንት ሰዓት ከሆነና ነጥቡ ካልተገኘ፣ 60 ሜትርም ቢቀር፣ እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፣ የአካባቢውን ሰው ቃል እንደ መረጃ እቈጥራለሁ። በመስክ ሥራ ሁለት ልኬቶች ሳይስማሙ ሲቀሩ ሥራውን አቁመን ምክንያቱን እንመረምራለን። በዚያ ተራራ ላይ ሁለት ልኬቶች ነበሩኝ፤ የመሣሪያውና የአዛውንቱ። አንዱን ያለ ምርመራ የጣልሁት ባለቤቱ ዲግሪ ስለሌለው ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ከኔ ጋር ያለው ሰው ሲፈራ ፍርሃቱን የጉዞው ገደብ አድርጌ እቀበላለሁ። ጽናት በራስ ላይ የሚጫን ሸክም ነው፤ በሌላው ትከሻ ላይ የሚጫነው ግን ስሙ ሌላ ነው።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ የቆየ የቅየሳ ነጥብ ይፈልግ። የአካባቢውን አስተዳደር አስፈቅዶ፣ ሰው ጠይቆ ይሂድ። ምልክቱ መኖሩን፣ መነቀሉን ወይም መሰበሩን ይመዝግብ፤ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ኮኦርዲኔቱን ከነዴተሙ ይጻፍ፤ ያካባቢውን ስምና መውጫ መንገዱን ያክልበት። ውጤቱ ተሰብስቦ ይህን ሥራ ለሚመለከተው ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ቢተላለፍ ይጠቅማል። ሳተላይት ባለበት ዘመን የድሮ ነጥብ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፣ የቆዩ ካርታዎቻችንና የብዙ ግንባታ ሥራዎቻችን ሰነዶች በነዚያ ነጥቦች ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን ያስታውስ። የቀድሞውን ከአዲሱ በትክክል ለማገናኘት በሁለቱም የተለካ አንድ ነጥብ በእጅ መኖር አለበት። ምልክቱ ከተነቀለ ድልድዩ ተሰበረ ማለት ነው።

ያ ባልደረባዬ ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጦአል። ይህን ታሪክ እንድናገር ፈቃዱን ስጠይቀው፣ «ካቡን መጀመሪያ እንይ ማለቴን እንዳትረሳ» ብቻ ነው ያለኝ። አልረሳሁም።

የቡሹሎውን ገበሬ ጥያቄም አልረሳሁም። ባለፈው ወር በጓሮአቸው በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ የአርቤጎናውን አዛውንት ታሪክም አጫወትኋቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ «እንግዲያስ የጠፋባችሁ ነገር ኖሮአል» አሉኝ። «አዎን አባቴ፣ ኖሮአል» አልኋቸው።